አንድ የእንግሊዝኛ ቃል፣ አራት የስፓኒሽ ቃል፦ ትክክለኛውን እንዴት እንምረጥ?

ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ስሠራ የማታ ተረኛዋ የሆንዱራስ ሴት ነበረች። እሷ እንግሊዝኛ አትናገርም፣ እኔም በስፓኒሽ ገና ጀማሪ ነበርኩ። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ለጠዋት 40 አንሶላ አጥፋ እንድታስቀምጥልኝ ማስታወሻ ተውኩላት። ስልኬ ላይ አንሶላን በእንግሊዝኛው «ሺት» ብዬ ፈልጌ መጀመሪያ የመጣልኝን «ኦኻ» የሚለውን ቃል ነበር የጻፍኩት። በማግስቱ ስገባ ጠረጴዛው ላይ 40 ነጭ ወረቀት ጠርዙ ተስተካክሎ፣ እንዳይበተን የሳሙና ጣሳ ተጭኖበት ጠበቀኝ። «ኦኻ» ለካ የወረቀት «ሺት» ነው፤ የዛፍ ቅጠልም ነው። የአልጋው አንሶላ «ሳባና» ይባላል። ያቺ ሴት ያንን ወረቀት ለማሟላት በየቢሮው ስትለምን እንዳመሸች ኋላ ስሰማ በጣም ነው ያዘንኩት።

በዋሽንግተንና በአካባቢው ሆቴል፣ ፓርኪንግ ወይም ኩሽና ውስጥ የሠራ ሐበሻ ሁሉ ከሳልቫዶርና ከሆንዱራስ ሰዎች ጋር ትከሻ ለትከሻ ውሏል። ስፓኒሽ የምንማረው እንጀራችን ላይ ስለሆነ፣ የምንመርጠው ቃል የሰው ድካም ያተርፋል ወይም ያባክናል። ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል ስመርጥ የምከተለውን መንገድ በቅደም ተከተል ላሳያችሁ።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ላስቀድም። የስፓኒሽ ቃላቱን የጻፍኳቸው በላቲን አሜሪካ ሲነገሩ እንደሚሰሙት ነው። «ኸ» ያለበትን ከጉሮሮ አውጡት።

1. ነገሩን መጀመሪያ በአማርኛ ጥሩት

አብዛኞቻችን ስፓኒሽ የምንማረው በእንግሊዝኛ በኩል ነው። መጽሐፉም አፑም በእንግሊዝኛ ስለሆነ አማርኛችንን በር ላይ ትተነው እንገባለን። እኔ ግን ከማንም መዝገበ ቃላት በፊት የሚያገለግለን ወንፊት አማርኛ ነው ብዬ አምናለሁ። እንግሊዝኛ በአንድ ቃል ያሰረውን አማርኛ ብዙ ጊዜ ለያይቶ ይጠራዋልና። «ሺት» የሚለውን ይዤ ከመሮጤ በፊት «እኔ የምፈልገው ምንድን ነው?» ብዬ ራሴን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ አንሶላ፣ ወረቀት እና ቆርቆሮ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ፊቴ ይቆሙ ነበር። ስፓኒሹም «ሳባና»፣ «ኦኻ» እና «ላሚና» ብሎ ለሦስት ነው የሚከፍላቸው።

«ዴት» የሚለውን ውሰዱ። በአማርኛ ቀን፣ ቀጠሮ ወይም ተምር ይሆናል። በስፓኒሽ ቀኑ «ፌቻ»፣ ቀጠሮው «ሲታ»፣ ተምሩ «ዳቲል» ነው። ፎርም ላይ የልደት ቀን ሲጠየቅ «ፌቻ ዴ ናሲሚዬንቶ» ተብሎ ይመጣል፤ ሐኪም ቤት ስትደውሉ ግን የምትጠይቁት «ሲታ» ነው። «ኔይል» ጥፍር ከሆነ «ኡኛ»፣ ሚስማር ከሆነ «ክላቦ» ነው። «ሌተር» ደብዳቤ ከሆነ «ካርታ»፣ ፊደል ከሆነ «ሌትራ» ይባላል። እዚህ ላይ ጆሯችን እንዳይሸወድ፦ የአገር ካርታ በስፓኒሽ «ማፓ» ነው። የመጫወቻው ካርታ ግን እነሱም ጋ «ካርታስ» ነው።

ገንዘብ ላይ ስንደርስ አማርኛ እንዴት እንደሚያግዘን ሳይ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። «ቼንጅ» የምትለዋ ቃል እንግሊዝኛ ውስጥ ሁሉንም ትይዛለች። እኛ ግን ባለሱቁ የሚመልስልንን መልስ፣ ሳንቲሙን ዝርዝር፣ የኑሮውን ለውጥ እንላለን። በብዙ የላቲን አሜሪካ አገሮች መልሱ «ቡዌልቶ» ነው። የመጣውም መመለስ ከሚለው ግሳቸው ነው፤ ልክ እንደ እኛው። ዝርዝሩ እንደ አገሩ «ሱዌልቶ» ወይም «ሴንሲዮ» ይባላል፤ «ሱዌልቶ» የተፈታ፣ ያልታሰረ ማለት ነው። ለውጡ «ካምቢዮ» ነው፤ ሜክሲኮ ውስጥ መልሱንም «ካምቢዮ» ይሉታል።

ምግብ ቤት ሂሳብ ስትጠይቁም እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛው «ቢል» የምግብ ቤት ሂሳብ፣ የብር ኖት፣ ረቂቅ ሕግ እና የወፍ መንቁር ይሆናል። በስፓኒሽ እነዚህ «ኩዌንታ»፣ «ቢዬቴ»፣ «ፕሮዬክቶ ዴ ሌይ» እና «ፒኮ» ናቸው። «ኩዌንታ» የተገኘው መቁጠር ከሚለው ግስ ሲሆን የባንክ ሂሳብንም ይሸፍናል። በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል የሆነውን አማርኛና ስፓኒሽ ሁለቱም በአንድ «ሂሳብ» ጠቅልለውታል። እንግሊዝኛውን መሃል ባታስገቡት በአንድ እርምጃ ትደርሱበት ነበር።

ኩሽና ለሚሠሩ ደግሞ፦ «ፔፐር» ሲባል ቁንዶ በርበሬ ነው ወይስ ቃሪያ? ቁንዶ በርበሬው «ፒሚዬንታ» ነው። የሚያቃጥለው ቃሪያ በሜክሲኮና በማዕከላዊ አሜሪካ «ቺሌ»፣ በብዙ የደቡብ አሜሪካ አገሮች «አኺ» ነው። እንደ በርበሬና ሚጥሚጣ ሕዝብ ያደግን ሰዎች ይህን መለየት አያቅተንም፤ የሚያሳስተን በእንግሊዝኛው በኩል ስንዞር ነው።

2. አማርኛውም ጠቅልሎ ሲይዝ፣ ስፓኒሽ የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠይቁ

ወንፊቱ ሁልጊዜ አይለይም። አንዳንዱን ነገር አማርኛም በአንድ ስም ይጠራዋል፣ ስፓኒሽ ግን ይከፍለዋል። እዚህ ላይ የሚረዳው ስፓኒሽ በምን እንደሚለይ ማወቅ ነው። ለዋና ዋናዎቹ ቃላት ጥያቄው አጭር ነው፤ አንዴ ከያዛችሁት አይረሳም።

አሳ፦ ውሃ ውስጥ ነው ወይስ ሳህን ላይ? በሕይወት የሚዋኘው «ፔስ» ነው። ተጠምዶ ለምግብ የቀረበው «ፔስካዶ» ሲሆን ትርጉሙ ራሱ «የተጠመደ» ማለት ነው። በጾም ገበያ ወርዳችሁ የምትገዙት ሁሉ «ፔስካዶ» ነው።

እግር፦ የማን እግር ነው? የቱስ ጋ? አማርኛ ከጭን እስከ ጣት «እግር» ይላል፣ የጠረጴዛውንም እግር ይጨምራል። በስፓኒሽ ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው የሰው እግር «ፒዬ» ነው፤ ከዚያ በላይ «ፒዬርና» ይባላል። የእንስሳና የወንበር እግር «ፓታ» ነው። የሰውን እግር «ፓታ» ማለት ለቅርብ ጓደኛ ጨዋታ ሊሆን ይችላል፤ ለማታውቁት ሰው ግን ስድብ ይመስላል።

ጆሮ፦ ከውጭ የሚታየው ነው ወይስ የሚሰማው? ጉትቻ የሚንጠለጠልበት «ኦሬኻ» ነው። ውስጡና የመስማት ችሎታው «ኦይዶ» ነው። ልጅ ሌሊት እያለቀሰ ጆሮውን ሲይዝ፣ ስፓኒሽ ለሚናገር ነርስ የሚነገረው «ሌ ዱዌሌ ኤል ኦይዶ» ነው። «ኦሬኻ» ካላችሁ ነርሷ መጀመሪያ የምታየው የውጪውን ቆዳ ነው።

ጥግ፦ ከውስጥ ሆናችሁ ነው የምታዩት ወይስ ከውጭ? መጥረጊያው የቆመበት የክፍሉ ጥግ «ሪንኮን» ነው። መንገድ የሚታጠፍበት የሕንፃ ጥግ «ኤስኪና» ነው። ትኩስ ድስት ይዞ ኩሽና ውስጥ የሚታጠፍ ሰው «ኤስኪና!» ብሎ የሚጮኸው ለዚህ ነው።

ጊዜን ረጋ ብለን እንየው፣ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት እሱ ላይ ነውና። እንግሊዝኛው «ታይም» በስፓኒሽ ቢያንስ ሦስት ቃል ይሆናል። ከፊቱ ቁጥር ከገባ፣ ማለትም ሁለት ጊዜ ወይም አሥር ጊዜ ከሆነ፣ «ቤስ» ነው፤ ሲበዛ «ቤሴስ»። የሚያልቅ፣ የሚተርፍ፣ የሚባክን ከሆነ «ቲዬምፖ» ነው፤ «ኖ ቴንጎ ቲዬምፖ» ማለት ጊዜ የለኝም ነው። በሰዓት የሚነገር ወይም የደረሰ ከሆነ «ኦራ» ነው፤ «ኬ ኦራ ኤስ?» ስንት ሰዓት ነው? ይላል። አማርኛችን ሦስተኛውን «ሰዓት» ብሎ ይለይልናል፣ «የምሳ ሰዓት ደረሰ» እንላለንና። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ግን አይለይም፤ እነሱን ቁጥሩ ይፈርድላችኋል። እጃችን ላይ የምናስረው ሰዓት ደግሞ ሌላ ነው፣ «ሬሎኽ» ይባላል። ቀጠሮ ስትይዙም ቆጠራውን አትርሱ፤ «ላስ ሲዬቴ» ሰባት ቢሆንም በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ወይም ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው።

ቁልፍ ላይ አማርኛ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይጠቀልላል። በር የሚከፍተው «ያቤ» ነው። የሸሚዝና የሊፍት ቁልፍ «ቦቶን» ነው። የኮምፒውተርና የፒያኖ ቁልፍ «ቴክላ» ነው። ጓጉንቸሩ «ካንዳዶ» ይባላል። የችግር ቁልፍ፣ የፈተና መልስ ቁልፍ ወይም የዋይፋይ የይለፍ ቃል ከሆነ «ክላቤ» ነው። «ያቤ» በበኩሉ የብሎን መፍቻም ይሆናል፤ በሜክሲኮ የውሃ ቧንቧ የሚከፈትበትንም «ያቤ» ይሉታል።

አንዳንዴ አማርኛ ከእንግሊዝኛ የተዋሰው ቃል ከነችግሩ ይመጣል። «ፓርቲ» ብለን ልደትም ፖለቲካም እንጠራለን። ዳንስና ኬክ ያለበት «ፊዬስታ» ነው፣ ለምርጫ የሚወዳደረው «ፓርቲዶ»። ሳልቫዶራዊ ባልደረባችሁ እሑድ ጠዋት «ፓርቲዶ» ካለ ግን የሚያወራው ስለ እግር ኳስ ግጥሚያ ነው።

3. መዝገበ ቃላቱን እስከ ታች አንብቡ

አሁን ምን እንደምትፈልጉ ታውቃላችሁ፤ መዝገበ ቃላት የሚከፈተው እዚህ ላይ ነው። እኔ ወርድሪፈረንስ የሚባለውን የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት እጠቀማለሁ፣ በነፃ ነው። ከእያንዳንዱ ትርጉም ጎን በቅንፍ የተቀመጠች አጭር ማብራሪያ አለች፤ ለአልጋ፣ የወረቀት፣ የብረት ትላለች። ቁም ነገሩ ያለው እዚያች ቅንፍ ውስጥ ነው። መጀመሪያ የተጻፈውን ቃል የሚወስድ ሰው የሚሳሳተው ቅንፏን ስለሚዘል ነው። ቃሉ ስም መሆኑንም አረጋግጡ፣ እንግሊዝኛ አንዱን ቃል ስምም ግስም ያደርገዋልና።

ሁለት ቃል ተጣምሮ አንድ ነገር የሚሆንበት ጊዜ ካለ ጥንዱን አብራችሁ ፈልጉ። «ሺት ሙዚክ» ማለት የሙዚቃ ኖታ የተጻፈበት ወረቀት ነው፤ በስፓኒሽ «ፓርቲቱራ» ነው እንጂ «ኦኻ» ብቻውን አይደለም። «ኪይ ሪንግ» የቁልፍ መያዣ ነው፣ «ያቤሮ» ይባላል።

የስልክ መተርጎሚያ ስትጠቀሙም ቃሉን ብቻውን አትስጡት። ከአጠገቡ ምንም ቃል ከሌለ ማሽኑ የቱን እንደፈለጋችሁ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። «አልጋው ላይ አዲስ አንሶላ አንጥፊ» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስጡት። የጻፍኩት ማስታወሻ ውስጥ አልጋ የሚል ቃል አንድ ጊዜ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ሴትዮዋም ራሷ ትረዳኝ ነበር።

4. ያገኛችሁትን ቃል መልሳችሁ ፈትሹት

ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ለእኔ ግን ዋጋው ከሁሉም በላይ ነው። የመረጣችሁትን የስፓኒሽ ቃል በተቃራኒው፣ ከስፓኒሽ ወደ እንግሊዝኛ ፈልጉት። ካሰባችሁት ጋር ይገናኛል? ለአልጋ ፍራሽ ሞላ በእንግሊዝኛ «ስፕሪንግ» ብላችሁ «ሙዌዬ» አገኛችሁ እንበል። ገልብጣችሁ ስትፈልጉት ሞላም ነው፣ መርከብ የሚቆምበት የወደብ መድረክም ነው። ላቲን አሜሪካ ውስጥ ሞላውን በይበልጥ «ሬሶርቴ» ይሉታል። እንግሊዝኛው ጸደይንም ምንጭንም «ስፕሪንግ» ቢልም ሁለቱም ጸደይ አይደሉም፣ ጸደይ «ፕሪማቤራ» ነው፤ ከመሬት የሚፈልቀው ምንጭም «ማናንቲያል» ነው።

ከዚያ ቃሉን የፎቶ ፍለጋ ውስጥ አስገቡት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። «ኦኻ» ብዬ ፎቶ ፈልጌ ቢሆን ስክሪኔን የሚሞላው አረንጓዴ ቅጠል ነበር፣ እዚያው እቆም ነበር።

ስፓኒሻችሁ ትንሽ ከጠና ደግሞ በ1713 የተመሠረተው የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚ መዝገበ ቃላቱን በኢንተርኔት በነፃ ይሰጣል። ትርጉሙን በራሱ በስፓኒሽ ስለሚያብራራ እንግሊዝኛው የሚያመጣው መደናገር እዚያ የለም።

5. ቃሉን ከነጾታው ያዙት

በስፓኒሽ ስም ሁሉ ወንድ ወይም ሴት ነው፤ ከፊቱ «ኤል» ወይም «ላ» ይመጣል። የአንዳንዱ ቃል ጾታው ሲቀየር ትርጉሙም ይቀየራል። «ኤል ካፒታል» የንግድ ካፒታል ነው፣ «ላ ካፒታል» ዋና ከተማ። «ኤል ኩራ» ቄስ ነው፣ «ላ ኩራ» ፈውስ። «ኤል ፓፓ» የሮማው ጳጳስ፣ «ላ ፓፓ» ድንች ነው፤ ስፔን ውስጥ ግን ድንቹን «ፓታታ» ይሉታል።

ለእኛ የሚጥመው «ፍሬንቴ» ነው። «ላ ፍሬንቴ» የሰው ግንባር፣ «ኤል ፍሬንቴ» የጦር ግንባር ነው። ግንባርን ለፊትም ለጦርነትም እኛ እንደምንለው እነሱም ይላሉ፤ የሚለዩት በጾታ ብቻ ነው። እንግሊዝኛው ግን ሁለት ቃል ነው፣ በእሱ በኩል የሄደ ተማሪ ይህን ዝምድና አያየውም።

«ኦርደር» ላይ ይህ ሥራ ላይ ይውላል። «ኤል ኦርዴን» ቅደም ተከተል ነው፣ የሕግና የሥርዓቱንም «ሥርዓት» ይጨምራል። «ላ ኦርዴን» አለቃ የሚሰጠው ትዕዛዝ ነው። ደንበኛ የሚያዘው ዕቃ ወይም ምግብ «ፔዲዶ» ይባላል፤ ሜክሲኮና ማዕከላዊ አሜሪካ ውስጥ የምግቡን «ላ ኦርዴን» ሲሉም ትሰማላችሁ። በአማርኛ የአለቃውም የደንበኛውም «ትዕዛዝ» ስለሆነ እዚህ ጋ ጾታውን አጥብቃችሁ ያዙ።

6. የማን ስፓኒሽ?

ስፓኒሽ ዋና ቋንቋ የሆነባቸው 20 አገሮች ናቸው፤ አንዷ ኢኳቶሪያል ጊኒ አፍሪካ ውስጥ ናት። ትርጉሙን በትክክል መርጣችሁ እንኳ ቃሉ የሌላ አገር ሊሆን ይችላል። «ስትሮው» ጭድ ከሆነ «ፓኻ» ነው። የለስላሳ መምጠጫው ግን ሜክሲኮ ውስጥ «ፖፖቴ»፣ ሆንዱራስና ኤል ሳልቫዶር «ፓኺያ»፣ ኮሎምቢያ «ፒቲዮ» ይባላል። «ጉዋጉዋ» ኩባና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ አውቶቡስ ነው፤ ቺሌ ውስጥ ሕፃን ልጅ ነው። መዝገበ ቃላት ላይ የአገር ስም በምህጻረ ቃል ከቃሉ ጎን ካያችሁ ቃሉ የዚያ አገር ነው ማለት ነው። ከዚያ ውጭ አብሮ የሚሠራውን ሰው መጠየቅ ይበልጣል፤ ዕቃውን በእጅ እያሳዩ «ኮሞ ሴ ዪያማ ኤስቶ?» ማለት፣ «ይሄ ምን ይባላል?» ነው። እንዲህ ተጠይቆ የተቆጣ ሰው እስካሁን አላየሁም።

7. ደብተር ላይ ሲወርድ

ቃሉን ብቻውን አትጻፉ። የእኔ ደብተር ግራው ዓምድ አማርኛ ነው፣ ቀኙ ስፓኒሽ ከነ«ኤል» ወይም «ላ»፣ ከሥሩ ሥራ ቦታ የሰማሁት አንድ ዓረፍተ ነገር። እንግሊዝኛው የገጹ ራስጌ ላይ ብቻ ነው ያለው። ለምሳሌ «ላይት» የሚለው ገጽ ይህን ይመስላል፦

ብርሃን — «ላ ሉስ»።
አምፖል — «ኤል ቦምቢዮ»፤ ሜክሲኮዎች «ኤል ፎኮ» ይሉታል።
የጠረጴዛ መብራት — «ላ ላምፓራ»።
የትራፊክ መብራት — «ኤል ሴማፎሮ»።
የመኪና የፊት መብራት — «ኤል ፋሮ»።
ሲጋራ መለኮሻ እሳት — «ኤል ፉዌጎ»፤ «ቲዬኔስ ፉዌጎ?» ክብሪት አለህ?
የኤሌክትሪክ መብራት — እንደገና «ላ ሉስ»።

የመጨረሻዋን መስመር የጨመርኩት በአንድ የክረምት ማታ፣ ማጠቢያ ማሽኖቹ ሁሉ በአንዴ ጸጥ ሲሉ ነው። የሆንዱራሷ ሴት በጨለማው ውስጥ «ሴ ፉዌ ላ ሉስ» አለች። ቃል በቃል «መብራቱ ሄደ» ማለት ነው።